በመተማ ድንበር ስለ ወደቁት ሰዎች መቃብር

በ2015 ዓ.ም. የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ትምህርት ሊፈጸም ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ በማስተምርበት የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ስለ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመነ መንግሥት በማስረዳበት ሰዓት፣ አንዲት ዕጩ መምህርት እጅዋን አንሥታ «መምህር፣ በመተማ የሞቱት ሰዎች መቃብራቸው የት ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። የጦርነቱን መነሻ፣ የተደረገበትን ቀን፣ የአዛዦቹን ስምና ውጤቱን በሰሌዳው ላይ ጽፌ ነበርና ጥያቄው ከእነዚህ ስለ አንዱ ቢሆን ኖሮ መልሱ በእጄ ነበረ። ስለ መቃብሩ ግን አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። «ፈልጌ እነግርሻለሁ» አልኋት። ተማሪዎቹ እንዲህ ያለውን ተስፋ ከመምህራን አፍ ብዙ ጊዜ ሰምተውት ኖሮ እርስ በርሳቸው ተያይተው ፈገግ አሉ።

ስለዚህ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር መጨረሻ ከጎንደር ተነሥቼ ወደ መተማ ወረድሁ። መንገዱ ከአዘዞ ተነሥቶ በጭልጋ በኩል እስከ አይከል ድረስ በደጋ ይሄድና ከዚያ ወዲያ መዝቀዝቀዝ ይጀምራል። ባሕር ዛፉ ይቀራል፤ ሸመልና የዕጣን ዛፍ ይተካዋል። ቀድሞ ሸህዲ ትባል የነበረችው ገንዳ ውኃ ስንደርስ ሙቀቱ የመኪናውን መስኮት ዘግቶ መሄድንም ከፍቶ መሄድንም እኩል አስቸጋሪ አድርጎት ነበር። ተሳፋሪዎቹ አብዛኞቹ ለሰሊጥና ለጥጥ እርሻ ሥራ የሚወርዱ የደጋ ወጣቶች ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ የመጣሁበትን ጉዳይ ጠይቆኝ ብነግረው ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «ለመቃብር ብለህ ይህን ሁሉ መንገድ?» አለኝ። እኔም በዚያች ሰዓት ለራሴ ተመሳሳይ ጥያቄ እያቀረብሁ ነበርና አልመለስሁለትም።

መተማ የጥንት የገበያ ቦታ ናት። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የደጋው ቡና፣ ሰምና ማር፣ የቆላውም ጥጥ በዚያ ይገናኙ ነበር፤ ይህም ሳይሸሸግ መነገር አለበት፣ ሰውም በዚያ ይሸጥ ነበር። ነዋሪዎችዋ በብዛት ተክሩር የሚባሉት፣ ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ ካለው ከምዕራቡ አገር ወደ መካ ለሐጅ ሲመላለሱ በዚያ ቀርተው የሰፈሩ ሰዎች ሲሆኑ፣ ሼኻቸው ለግብጽም ለኢትዮጵያም ግብር እየከፈለ በሁለቱ መካከል በብልሃት ይኖር ነበር። ዛሬ ከተማዋ ሁለት ናት። በአንዱ ወገን መተማ ዮሐንስ አለች፤ በሌላው ወገን ጋላባት አለች፤ በመካከላቸው በክረምት የሚሞላ በበጋ የሚደርቅ አንድ ጠባብ ወንዝ ይገኛል። ይህ ወንዝ ድንበር ሆኖ የጸናው ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በተዋዋሉት ውል ነው። ጦርነቱ በተደረገበት ዘመን በመካከል የድንበር ምልክት አልነበረም፤ ስለዚህ «መተማ» እና «ጋላባት» ተብሎ በሁለት ስም የሚጠራው ውጊያ አንድ ነው። ተማሪዎች ሁለት ጦርነት እየመሰላቸው ሲጽፉ ብዙ ጊዜ አይቻለሁና ይህን አስቀድሜ ማንሣቴ ለዚያ ነው።

የጦርነቱ ሥር ወደ ውሉ ዘመን ይመልሰናል። ግንቦት 27 ቀን 1876 ዓ.ም. በዓድዋ በተፈረመው ውል፣ ዐፄ ዮሐንስ በመሐዲው ሠራዊት የተከበቡት የግብጽ ወታደሮች በኢትዮጵያ ምድር አልፈው እንዲወጡ ሊረዱ ተስማሙ። የጋላባቱም የግብጽ ጦር በዚህ መሠረት ወጣ። ራስ አሉላ በመስከረም 1878 ዓ.ም. በኩፊት ላይ ደርቡሾችን ድል አደረጉ። ንጉሠ ነገሥቱ ከዚህ ውል ያተረፉት ግን አዲስ ጠላትን ብቻ ነበር፤ ምጽዋን እንግሊዞች ለጣሊያን ለቀቁላት፣ በምዕራብ ደግሞ የመሐዲው መንግሥት በኢትዮጵያ ላይ ቂም ያዘ። በጥር 1879 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ወደ መተማ ወርደው የደርቡሹን አሚር ወድ አርባብን ገድለው ከተማውን አቃጠሉ። ለዚህም ብድር ሐምዳን አቡ ዐንጃ በዓመቱ ዘምቶ፣ ጥር 10 ቀን 1880 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ዋዜማ፣ በደምብያ ሳር ውኃ ላይ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል ነሣ፤ ከዚያም ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠለ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስለ ተረፈችበት ምክንያት በጎንደር የሚነገረውን የንብ ታሪክ አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው አድጌአለሁ፤ በክፍል ውስጥ ግን ከንቦቹ ይልቅ ስለ ተቃጠሉት መጻሕፍት መናገር ይቀናኛል።

ዐፄ ዮሐንስ በዚህ ጊዜ በሰሜን ከጣሊያን፣ በምዕራብ ከደርቡሽ፣ በውስጥም ከንጉሥ ምኒልክና ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጋራ በተፈጠረ አለመተማመን ተይዘው ነበር። ለአቡ ዐንጃ የሰላም ሐሳብ ልከው፣ የሁለቱም አገር ጠላት ከባሕር ማዶ የሚመጣው አውሮፓዊ መሆኑን አስታውሰውት ነበር። የመለሰላቸው ቃል ስድብ ነበር። ይህን ደብዳቤ ልብ ብሎ ያነበበ ሰው ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ በተለየ ዓይን ያየዋል ብዬ አምናለሁ፤ አሥር ዓመት ሳይሞላ የመሐዲው መንግሥት በእንግሊዝ መድፍ ኦምዱርማን ላይ ወድቋልና።

አቡ ዐንጃ በጥር 1881 ዓ.ም. በሕመም ሞቶ ዘኪ ጡማል በቦታው ተተካ። ዘኪ ሠራዊቱን በመተማ ሰብስቦ ዙሪያውን በእሾህና በግንድ በታጠረ፣ እነርሱ ዘሪባ በሚሉት ምሽግ ውስጥ አስገባው። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ቅዳሜ የኢትዮጵያ ሠራዊት ምሽጉን ከብቦ ውጊያ ገጠመ። ብዛቱ ከመቶ ሺህ በላይ እንደ ነበረ የጻፉ ብዙዎች ናቸው። ሠራዊቱ በአንድ ወገን አጥሩን ጥሶ ገባ፤ ምሽጉም መቃጠል ጀመረ። ድሉ ወደ ኢትዮጵያውያን ባዘነበለበት ሰዓት ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ተመቱ። የመመታታቸው ወሬ በሰልፉ ውስጥ ሲሰማ፣ አጥሩን ጥሶ የገባው ጦር ያሸነፈውን ቦታ ለቆ ተመለሰ። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ሌሊት አረፉ። ወራሻቸው ራስ መንገሻ እንዲሆኑ ተናዘው ነበር።

ደርቡሾቹ ራሳቸው ሊሸሹ በተዘጋጁበት ሰዓት የኢትዮጵያን ሠራዊት መመለስ አይተው ተደነቁ፤ ምክንያቱንም ባወቁ ጊዜ ተከታተሉ። አስከሬኑን ይዞ ወደ ደጋ ይመለስ የነበረውን ጭፍራ በበረሃው ውስጥ ደረሱበት። አጎታቸው ራስ አርአያ ከአስከሬኑ ሳይለዩ እየተዋጉ በዚያ ወደቁ። የንጉሠ ነገሥቱም ራስ ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ለኸሊፋ ዐብዱላሂ ተላከ። በዚያን ጊዜ በኦምዱርማን በምርኮ የነበሩ ሁለት አውሮፓውያን፣ ኦስትሪያዊው ሩዶልፍ ስላቲንና ቄሱ ኦርቫልደር፣ ከምርኮ አምልጠው በጻፉት መጽሐፍ ይህን መዝግበውታል። የመጨረሻው ተቀናቃኝ ሳይኖር ለአሥራ ሰባት ዓመት ኢትዮጵያን የገዛ ንጉሠ ነገሥት ሰው ሄዶ የሚሳለመው መቃብር የለውም ማለት ነው። ድል አድራጊው ዘኪ ጡማልም ቢሆን ከዚህ የተሻለ ዕድል አላገኘም፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ኸሊፋው ጠርጥሮት በኦምዱርማን እስር ቤት በረሃብ ሞተ።

በመተማ ዮሐንስ አንድ ሽማግሌ በቤታቸው ደጃፍ ጥላ ሥር አስቀምጠው ቡና አጠጡኝ። መቃብር ልፈልግ መምጣቴን ስነግራቸው በጣም አልተገረሙም።

«የማንን መቃብር?» አሉኝ።

«በዐፄ ዮሐንስ ጊዜ የወደቁትን፣ አባቴ።»

«ልጄ፣ የከተማውን ስም አልሰማህም? ሐውልት የሠራላቸው ባይኖር ስማቸውን ሰጥተናቸዋል። መቃብር ካልኸኝ እንግዲህ የቆምህበት ነው።» ከዚያም በእጃቸው ወደ ወንዙ እያሳዩ፣ «በዚያም ወገን እንዲሁ ነው። የእነርሱም ብዙ ነው» አሉ።

ይህን አነጋገር በማስታወሻዬ ጻፍሁት። ወደ ወንዙ ወርጄ ድልድዩ አጠገብ ቆምሁ። በዚያ ሳምንት ከማዶ የሚመጣው ሰው አልተቋረጠም ነበር። በካርቱም በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት ሁለተኛ ወሩን ይዞ ነበርና፣ በገዳሪፍ በኩል የሚመጡት ቤተሰቦች ፍራሽ፣ ድስትና ሕፃናት ይዘው በዚያች ጠባብ ድልድይ ይሻገሩ ነበር። የአሮጌውን ጦርነት ሙታን ፍለጋ የመጣ ሰው የአዲሱን ጦርነት ሕያዋን በማግኘቱ ተሸማቀቅሁ። ማዶ የጋላባት ኮረብታ በግልጽ ይታያል። በዚህም ኮረብታ ላይ ስለ ሌሎች ሙታን መናገር ይገባኛል።

ጣሊያን በሰኔ 1932 ዓ.ም. በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ካወጀች በኋላ ሰኔ 27 ቀን በአንድ ቀን ከሰላንና ጋላባትን ያዘች። ለአራት ወር የጣሊያን ባንዲራ በዚያ ኮረብታ ላይ ተውለበለበ። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጋት ላይ፣ በኋላ በበርማ ስሙ የገነነው፣ የዚያን ጊዜው ብርጋዴር ዊሊያም ስሊም 10ኛውን የሕንድ ብርጌድ ይዞ ጋላባትን አጠቃ። ሦስት ሻለቆች ነበሩት፤ አንዱ ከእንግሊዝ አገር የኤሴክስ፣ ሁለቱ ከሕንድ የጋርህዋልና የባሉች። 12 ታንኮችም ነበሩት። ምሽጉ በማለዳ ተያዘ። ነገር ግን ታንኮቹ አብዛኞቹ በፈንጂና በድንጋይ ተሰነካከሉ፤ የጣሊያን አውሮፕላኖችም ሰማዩን ይዘው ኮረብታውን ደበደቡት። ድንጋያማው መሬት ጉድጓድ የማይቆፈርበት በመሆኑ ወታደሮቹ መጠለያ አጡ፤ ከእንግሊዙ ሻለቃ አንዳንዶቹ ተደናግጠው ወደ ኋላ ሸሹ። ስሊም መተማን ሳይዝ በማግሥቱ ከኮረብታው ወረደ። በብርጌዱ 42 ሰዎች ሞቱ፤ 125 ቆሰሉ። በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ፣ በዚያን ቀን ወደ ፊት መግፋት ሲገባው ፍርሃቱን ማዳመጡ ስሕተት እንደ ነበረ ጽፏል። የጦር መሪዎች ማስታወሻ ባብዛኛው ራስን ማመስገኛ በመሆኑ፣ ይህን ገጽ ለተማሪዎቼ አንብቤላቸዋለሁ።

ጣሊያኖቹ በጥር 1933 ዓ.ም. መጨረሻ መተማን ለቀው ወደ ጭልጋ ተመለሱ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከገዳሪፍ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ባለችው በዶካ ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር። ነሐሴ 6 ቀን 1932 ዓ.ም. ኮሎኔል ሳንድፎርድ ሚሲዮን 101 የተባለውን ጭፍራ ይዞ ከዚያ ተነሥቶ ከአርበኞቹ ጋራ ለመገናኘት ወደ ጎጃም ገባ። በዚህ ጉዞ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነው የተካፈሉት ከበደ ተሰማ «የታሪክ ማስታወሻ» በተባለው መጽሐፋቸው ነገሩን ጽፈውታል። ዕድሜው ስድሳን ያለፈ አርኖልድ ዊንሆልት የተባለ አውስትራሊያዊ፣ በአገሩ የሕዝብ እንደራሴ የነበረና በ1928 ዓ.ም. ጦርነት ጊዜ በቀይ መስቀል ኢትዮጵያን ያገለገለ ሰው፣ ከዶካ ዘግይቶ ተነሥቶ ተከተላቸው። በ1932 ዓ.ም. ማለቂያ፣ በጳጉሜን ወር፣ በቆላው ደን ውስጥ ጠላት አድፍጦ ገደለው። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከዚህ በስተ ደቡብ፣ ኡም ኢድላ ላይ፣ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ድንበሩን ተሻገሩ።

አሁን ወደ ጥያቄው እመለሳለሁ። ከእነዚህ ሁሉ ሙታን መቃብር ያለው ማን ነው?

በስሊም ብርጌድ ውስጥ የሞቱት ስማቸው ይገኛል። የእንግሊዝ መንግሥትና የግዛቶቹ የጦር መቃብር ኮሚሲዮን ግንቦት 13 ቀን 1909 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን፣ እስከ 1952 ዓ.ም. ድረስ «የንጉሠ ነገሥት መንግሥት የጦር መቃብር ኮሚሲዮን» ይባል ነበር። ደንቡ ቀላል ነው። ጄኔራልም ይሁን ተራ ወታደር ድንጋዩ አንድ ዓይነት፣ ቁመቱም እኩል ይሆናል፤ መቃብሩ ያልታወቀውም ስሙ በመታሰቢያ ግንብ ላይ ይቀረጻል። በካርቱም የጦር መቃብር ውስጥ ያለው መታሰቢያ፣ በሱዳን መከላከልና ወደ ኤርትራና ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ በተደረገው ዘመቻ ሞተው መቃብራቸው ያልታወቀ ወደ 600 የሚጠጉ ሰዎችን ስም ይዟል። በከረን ደግሞ 440 መቃብሮች አሉ፤ ከእነርሱ 35ቱ ስማቸው ያልታወቀ ነው። በአጠገቡ እንደ ሃይማኖታቸው ሥርዓት አስከሬናቸው የተቃጠለ የ285 ሂንዱና ሲክ ወታደሮች መታሰቢያ ቆሟል። ለተማሪ ይህን ሲያስረዱ መቃብር የሌለው ሰው ሁሉ የተረሳ እንዳይመስለው ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ስሙ በድንጋይ ላይ ያለ ሂንዱ መቃብር የሌለው ስለማይፈልገው ነው።

ደንቡ ግን በአፍሪካ ላይ ሁልጊዜ አልተፈጸመም። ኮሚሲዮኑ ራሱ በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ባወጣው የምርመራ ጽሑፍ፣ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ከሞቱት ውስጥ ከ45 ሺህ እስከ 54 ሺህ የሚሆኑ፣ አብዛኞቹ ሕንዶች፣ የምሥራቅና የምዕራብ አፍሪካ ሰዎች፣ ግብጻውያንና ሶማሌዎች፣ ከሌሎቹ ጋራ እኩል ሳይታሰቡ መቅረታቸውን፣ ቢያንስ 116 ሺህ ምናልባትም እስከ 350 ሺህ የሚደርሱ ደግሞ በስማቸው ሳይታሰቡ ወይም ጭራሹን ሳይታሰቡ መቅረታቸውን አምኗል። ይቅርታም ጠይቋል። በከረን ያለው የጣሊያኖች መቃብርም ይህንኑ በሌላ መልክ ያሳያል። ጄኔራል ሎሬንሲኒ በስሙ ተቀብሯል፤ ከአጠገቡ ግን በረድፍ የተኙት የአገራችን ልጆች የብዙዎቹ ድንጋይ «ያልታወቀ አስካሪ» ብቻ ይላል። ደመወዝ ሲከፈላቸው ስማቸው በመዝገብ ላይ ነበር እኮ።

አርበኛውስ? የአርማጭሆና የቋራ ሰው በወደቀበት ጫካ በዘመዶቹ እጅ ከተቀበረ ታድሏል። ከዚህ ይልቅ የቀረበም አለ። በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. ቤተ እስራኤላውያን ወደ ኢየሩሳሌም ለመሄድ በእግር ወደ ገዳሪፍ ወርደው በኡም ራኩባና በሌሎች ሰፈሮች በበሽታና በረሃብ አለቁ፤ በመንገድና በሰፈሮቹ የሞቱት ወደ 4 ሺህ እንደሚደርሱ ይገመታል። መታሰቢያቸው በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ ተሠርቷል፤ አጥንታቸው ግን በገዳሪፍ ጥቁር አፈር ውስጥ ነው። ያው ኡም ራኩባ ከኅዳር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ከትግራይ የተሰደዱትን ተቀብሎ ነበር። አንድ ስም በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ሁለት ጊዜ እንዲህ ሲመጣ ማየት ያስጨንቃል።

በመተማ ባደርሁበት ሆቴል በገዳሪፍ መንገድ ከካርቱም የመጣ አንድ ሱዳናዊ መምህር አገኘሁ። በእንግሊዝኛና በተሰባበረ አማርኛ ተግባባን። የታሪክ መምህር መሆኔን ሲሰማ ሳቀና እርሱም የታሪክ መምህር መሆኑን ነገረኝ። እኛ «የመተማ ጦርነት» የምንለውን እነርሱ «የቀላባት ውጊያ» ብለው እንደ ድል ያስተምሩታል። እኔ በበኩሌ ደርቡሽ የሚለውን ቃል ሳላስብ ተናገርሁትና፣ እርሱ በትሕትና «እኛ አንሳር እንላለን» ብሎ አረመኝ። ከዚያ ወዲህ በክፍል ውስጥ ሁለቱንም ቃል እጽፋለሁ።

«የእናንተ ሙታን የት ተቀበሩ?» ስል ጠየቅሁት። በጦርነቱ ከእነርሱም በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወድቀዋልና።

እርሱም እንደ እኔ ተማሪ ጠይቆት የማያውቅ ኖሮ ብዙ አሰበ። በመጨረሻም የነገረኝ ስለ ጦርነቱ አልነበረም። የአያቱ እናት ይነግሩት የነበረው ስለ «ሰነት ሲታ» ነው፤ በእነርሱ አቆጣጠር 1306 ዓ.ሒ.፣ ያ ውጊያ በተደረገበት ዘመን በሱዳን ሕዝብን የፈጀው ረሃብ ነው። እኛ «ክፉ ቀን» የምንለው ያው መሆኑን ነገርሁት። ከብቱ በአንድ በሽታ፣ ሰው በአንድ ረሃብ፣ በድንበሩ በሁለቱም ወገን አልቋል። ያን ሌሊት በስልኩ ብርሃን፣ እርሱ በዐረብኛ እኔ በአማርኛ፣ ዓመታቱን ጎን ለጎን አድርገን በአንድ ወረቀት ላይ ጻፍናቸው። ወረቀቱ አሁንም በእጄ አለ።

ወደ ኮሌጁ ስመለስ ለዚያች ዕጩ መምህርት፣ የመተማ ሙታን በመተማ እንዳሉ፣ ስማቸው ግን ከአዛዦቹ በቀር በየቤቱ ብቻ እንደሚገኝ ነገርኋት። እርስዋም ይህን እንደ መልስ አልተቀበለችውም። በ2016 ዓ.ም. በደምብያ ለማስተማር ልምምድ በወጣች ጊዜ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎችዋን «ከቤታችሁ ወደ መተማ ወርዶ ያልተመለሰ ሰው ቢኖር አያቶቻችሁን ጠይቁ» ብላ ላከቻቸው። ከዚያ ስትመለስ አንድ የደብተር ቅጠል አመጣችልኝ። በላዩ 11 ስም ተጽፏል፤ ሦስቱ የአባት ስም የላቸውም፤ ከአንዱም ፊት ለፊት ተማሪው በእርሳስ «ፈረሱ ብቻ መጣ» ብሎ ጽፏል።